ቅዳሜና እሁድ በቀን 12 ሰዓት እያጠናሁ ውጤቴ ለምን ቆመ? ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለምትዘጋጅ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መዘጋጀት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። በሥራ ቀን ማታ ማታ አጠናለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በቀን 12 ሰዓት ያህል ለጥናት እቀመጣለሁ። ባዮሎጂውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ኖቴ ብቻ ሁለት ደብተር ሞልቷል። ሞዴል ፈተና ስወስድ ግን ከ60 በመቶ ፈቀቅ አልልም። ፊዚክስ ሲመጣ እጄ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ የተጠየቀውን ነገር አውቀዋለሁ፣ ግን ይጠፋብኛል። ጓደኞቼ ሌላ መጽሐፍ ግዢ፣ ኮርስ ተመዝገቢ ይሉኛል። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ቀን ላጥና? ወይስ ጭንቅላቴ ለሕክምና አይሆንም ማለት ነው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። 60 በመቶ ላይ መቆም ጭንቅላትሽ ለሕክምና አይሆንም ማለት አይደለም። ተፈታኞችን ሳስጠና በተደጋጋሚ የማገኘው ሁኔታ ነው። ጠንክሮ የሚያነብ፣ ራሱን ግን የማይጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። አዲስ መጽሐፍም አትግዢ። ባዮሎጂውን ደግሞ እባክሽ አራተኛ ጊዜ አታንብቢው። አሁን በያዝሽው አጠናን ላይ ሰዓት ብትጨምሪ የሚጨመርልሽ ድካም ነው።

«አውቀዋለሁ፣ ግን ይጠፋብኛል» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የችግሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋብሽም። መጀመሪያውኑ ፈተናው በሚፈልገው መልክ አልያዝሽውም። አንድን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ ስታነቢ ዓይንሽ ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ቃላቱን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥዕል እንኳ ገጹን ሳትገልጪ ታስታውሺዋለሽ። ይህ ቅለት «ይዤዋለሁ» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ስሜቱ ግን ያሳስታል። ከዚህ በፊት ያየሽውን ነገር ስታዪው መለየት አንድ ችሎታ ነው፤ ምንም ሳታዪ ከራስሽ አውጥተሽ መጻፍ ሌላ ችሎታ ነው። ፈተናው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ በዚያ ላይ ያወጣሽውን እውቀት አይተሽው በማታውቂው ሁኔታ ላይ እንድታውዪው ይጠብቃል።

ኩላሊትን እንውሰድ። የኔፍሮንን፣ ማለትም ሽንት የሚሠራውን የኩላሊት ጥቃቅን ቱቦ፣ ክፍሎች በቅደም ተከተል እንደምትዘረዝሪ አልጠራጠርም። የዚሁ ቱቦ መታጠፊያ የሆነው የሄንሌ ቀለበት ወደ ላይ የሚወጣው ወፍራም ክፍል ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድን በአንድ ማጓጓዣ አንድ ላይ ከቱቦው ወደ ሰውነት መልሶ እንደሚያስገባም አንብበሻል። ፈተናው ግን «ይህ ክፍል ምን ይሠራል?» ብሎ አያቆምም። «አንድ መድኃኒት ይህን ማጓጓዣ ዘጋው፤ የሽንቱ መጠን ምን ይሆናል? ይቀጥናል ወይስ ይወፍራል?» ይልሻል። እዚህ ጋ ማጓጓዣው ሲዘጋ ጨው ቱቦው ውስጥ እንደሚቀር፣ በኩላሊቱ የውስጠኛ ክፍል የሚከማቸው ጨው እንደሚቀንስ፣ ውሃን ከቱቦው ስቦ የሚያስወጣው ኃይል በዚያው ልክ እንደሚዳከም፣ ስለዚህ ኩላሊቱ ሽንትን የማወፈር አቅሙን አጥቶ ብዙና ቀጠን ያለ ሽንት እንደሚወጣ አንዱን ከአንዱ እያያያዝሽ መሄድ አለብሽ። ፉሮሴማይድ የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መጽሐፉን ዘግተሽ ይህን ሰንሰለት ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ከቻልሽ ኩላሊትን ይዘሻል። ካልቻልሽ ገና ነሽ፣ ስንት ጊዜ ብታነቢውም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ዙር ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ዙር አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፦ ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። እኔን ሁሌም የሚያስደነግጠኝ ሌላው ክፍል ነው። ከሳምንት በኋላ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። አንቺም ቅዳሜ ማታ መጽሐፉን ዘግተሽ ስትተኚ የሚሰማሽ እርካታ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ሲገመግሙ ከላይ ያስቀመጧቸው ሁለት ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ አራርቆ መከለስ። በማድመቂያ ማስመርና ደግሞ ማንበብ ከታች ነው የወጡት። ሁለት ደብተር ኖት መጻፍሽም በአብዛኛው ከታችኛው ወገን የሚመደብ ሥራ ነው፣ በተለይ መጽሐፉን ከፍተሽ እያየሽ የጻፍሽው ከሆነ። ደብተሮቹን አትጣያቸው። ከእያንዳንዱ ገጽ ጎን ሦስት አራት ጥያቄ ጻፊ፣ ኖቱን ሸፍኚ፣ ጥያቄዎቹን መልሺ። በዚህ መልክ ደብተሮችሽ ትልቅ ሀብት ይሆኑልሻል።

የማራራቁን ነገር ሰዎች ይሰሙታል እንጂ አያደርጉትም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር የፊደል ጥምረቶች እየሸመደደ በራሱ ላይ እየሞከረ መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን፣ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ዝግ ያለ እንደሆነ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ እስከዛሬ ግን አብዛኛው ተፈታኝ አንድን ምዕራፍ አንድ ቅዳሜ ላይ ጨርሶት ለሁለት ወር አይመለስበትም። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦ ዛሬ የሠራሽውን ነገ አሥር ደቂቃ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አሥር ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳታዪ አውጪው። ትንሽ ሲከብድሽ ትክክለኛው ጊዜ ላይ ነሽ። ለሆርሞኖች፣ ለ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች፣ ለአሃዶች፣ ለቀመሮች ፍላሽካርድ፣ ማለትም በአንድ ወገን ጥያቄ በሌላው መልስ ያለበት ካርድ፣ ጥሩ ነው፤ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ መደጋገሚያውን ራሱ ያሰላልሻል። እንደ ኩላሊቱ ላለ ሰንሰለት ግን ካርድ አይበቃም፣ ባዶ ወረቀት ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ካርድ ማሳመር ላይ ሰዓትሽን እንዳትጨርሺ። ብዙ ተማሪ ካርድ ሲሠራ ይውልና ሳይከልሰው ይተኛል።

አሁን ወደ ሞዴል ፈተናዎችሽ። ውጤቱን ነገርሽኝ፣ ስህተቶቹን ግን አልነገርሽኝም። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይጠቁመኛል። «60 በመቶ» የሚለው ቁጥር ምን ማድረግ እንዳለብሽ አይነግርሽም፤ የሳትሻቸው 40ዎቹ ናቸው የሚነግሩሽ። ስህተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጨርሶ የማታውቂው ነገር አለ። አውቀሽው ከጥያቄው ጋር ማያያዝ ያቃተሽ አለ። ጥያቄውን በደንብ ሳታነቢ ያለፍሽው አለ። ጊዜ አልቆብሽ ወይም ደክሞሽ በግምት ያጠቆርሽው አለ። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

አንድ ጥያቄ ልስጥሽ። ሁለት ወላጆች ከሁለቱም ወገን ሲወረስ ብቻ የሚታይ፣ ማለትም ሪሴሲቭ የሆነ በሽታ ተሸካሚ ናቸው፤ ራሳቸው ግን አልታመሙም። በሽታው ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ነው። ትልቅ የሆነችው ልጃቸው ጤነኛ ናት። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? ብዙ ሰው ግማሽ ይላል። ትክክለኛው መልስ ሁለት ሦስተኛ ነው። ከአራቱ ዕድሎች አንዱ ታማሚ ነው፤ ልጅቱ ጤነኛ መሆኗ ስለተነገረን እሱ ይወጣል፤ ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። ግማሽ ያለው ተማሪ የመንደልን የዘር ውርስ ሕግ ያውቃል። ያመለጠችው «ጤነኛ» የምትለዋ ቃል ናት። ይህ ተማሪ «ጄኔቲክስ ላይ ደካማ ነኝ» ብሎ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቢያነብ ሁለት ቀን ያጠፋል፣ በሚቀጥለው ሞዴልም እንዲሁ ይስታል። የሚያስፈልገው ጥያቄ ውስጥ የተሰጠውን መረጃ አንድ በአንድ አስምሮ «ይህን ለምን ነገሩኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ የስህተት ደብተር ክፈቺ። ለእያንዳንዱ ለሳትሽው ጥያቄ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምን አስቤ ይህን መረጥኩ፣ የትኛው ዓይነት ስህተት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን አደርጋለሁ። በግምት ያገኘሻቸውንም አስገቢ፤ እነሱ ውጤትሽን ያሳምራሉ እንጂ እውቀትሽ አይደሉም። ሦስት አራት ሞዴል ከሠራሽ በኋላ አንዱ ዓይነት ስህተት ገንኖ ይወጣል። የቀሩሽ ሳምንታት የሚመደቡት በዚያ መሠረት ነው።

ፊዚክስ። እጅ የሚታሰረው በብዛት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቀመሩን በቃል ይዞ ግንኙነቱን አለማየት ነው። የደም ሥር ስፋቱ፣ ማለትም ራዲየሱ፣ በግማሽ ቢቀንስና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ ፍሰቱ በስንት ይቀንሳል? ግማሽ የሚል አለ፣ ሩብ የሚል አለ። ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ የሚፈስበትን መጠን በሚናገረው በፑዋዜይ ሕግ ፍሰት ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። እዚህ ጥያቄ ላይ ቁጥር መተካት አያስፈልግም፤ «ይህ ሲጨምር ያኛው ምን ይሆናል፣ በምን ያህል?» ማለት ይበቃል። እያንዳንዱን ቀመር በዚህ ጥያቄ ፈትኚው።

ሁለተኛው ምክንያት ሒሳቡ ነው። ፊዚክስ ከበደኝ ከሚሉኝ ተማሪዎች ብዙዎቹ፣ ቀስ ብዬ ሳያቸው፣ የከበዳቸው ክፍልፋይ፣ ርቢ፣ የአሥር ርቢዎችና ሎጋሪዝም ነው። ብዙዎቹ የመግቢያ ፈተናዎች ካልኩሌተር አይፈቅዱም ወይም ያላቸው ቀላል ነው። ስለዚህ በእጅሽ መገመት መቻል አለብሽ። የሃይድሮጅን አዮን መጠን አሥር እጥፍ ሲጨምር የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በአንድ እንደሚወርድ፣ የ3 ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) 0.5 ገደማ እንደሆነ ብታውቂ ብዙ የኬሚስትሪ ጥያቄ ሳትጽፊ ይፈታል። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 20 ደቂቃ ለዚህ ብቻ ስጪ። ብዙ ሰው ይህን የስምንተኛ ክፍል ነገር ነው ብሎ ይንቀዋል፣ ነጥቡን የሚጥለው ግን እዚያው ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፊዚክስ ጥያቄ ስትሠሪ ምዕራፎችን ቀላቅይ። የፈሳሾችን ምዕራፍ ጨርሰሽ የፈሳሾችን 30 ጥያቄ ብትሠሪ የትኛውን ቀመር እንደምትጠቀሚ ርዕሱ ነግሮሻል። ፈተናው ላይ ርዕስ የለም። ከባዱ ሥራ ደግሞ የትኛው ሐሳብ እንደሚያስፈልግ መለየቱ ነው፤ እሱን ሳትለማመጂ ትገቢያለሽ። ቀላቅለሽ ስትሠሪ መጀመሪያ ውጤትሽ ይወርዳል። አትደንግጪ፣ ቀጥዪ።

የትኛውን ፈተና እንደምትወስጂ አልጻፍሽም። ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። ስማቸው ተመሳሳይ ይምሰል እንጂ የሚለኩት ይለያያል። የአሜሪካው ኤምካት 230 ጥያቄዎች አሉት፤ ከእረፍት ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያስቀምጣል፤ በሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች 59 ጥያቄ በ95 ደቂቃ ነው፣ ማለትም ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም አይበልጥም። አንዱ ክፍል ደግሞ ምንም ሳይንስ የለበትም፣ ረጃጅም ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ነው። የብሪታንያው ዩካት ባዮሎጂና ፊዚክስ አይጠይቅም፤ በንባብ ክፍሉ ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ይሰጣል። የሕንዱ ኒት ደግሞ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው፣ 720 ነጥብ፣ ከነጥቡ ግማሹ የባዮሎጂ። ለዩካት ባዮሎጂ ሦስት ጊዜ ማንበብ ምንም አይጠቅምም። ለኒት በጣም ይጠቅማል፣ በትክክል ከተያዘ። ዛሬ ማታ የፈተናሽን አዘጋጅ ይፋዊ መግለጫ አውጥተሽ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጥያቄ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ነጥብ እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ ጻፊ። የጥናት ሰዓትሽን ከዚያ ጋር አስተያዪው። ነጥቡ ያለው አንድ ቦታ፣ ሰዓትሽ የሚሄደው ሌላ ቦታ ሆኖ ብታገኚው አይግረምሽ።

የቅጣት ነጥብ መኖር አለመኖሩንም እዚያው አረጋግጪ። ኤምካት ላይ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ መተው ዝም ብሎ ነጥብ መጣል ነው። ኒት ላይ ትክክል 4 ያስገኛል፣ ስህተት 1 ይቀንሳል። እዚያም ቢሆን ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን በእርግጠኝነት መጣል ከቻልሽ መገመቱ በረጅሙ ያዋጣል፤ ሦስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ላይ አንዱን ብታገኚ 4 አግኝተሽ 2 ትከፍያለሽ። ይህን ስሌት የፈተናው ዕለት ሳይሆን ከአሁኑ ወስኚው፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ማመንታት ራሱ ጊዜ ይበላል።

ሙሉ ሞዴል ፈተና በየሳምንቱ አትውሰጂ። በአሥር ቀን አንድ፣ መጨረሻ ላይ በሳምንት አንድ ይበቃል። ፈተናው በሚጀምርበት ሰዓት ጀምሪ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን፣ እረፍቱም በፈተናው ልክ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀን የግምገማ ነው፤ ግምገማው ፈተናውን የፈጀውን ያህል ሰዓት ካልፈጀ አልገመገምሽም። ከአዘጋጁ የወጡትን ይፋዊ ሞዴሎች ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቆጥቢ፤ ሌሎች ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ግን አንዳንዴ ከእውነተኛው ይበልጣል፣ አንዳንዴ ያንሳል። ውጤትሽ በሁለት ሦስት ነጥብ ቢወርድም አታልቅሺ። ኤምካት ራሱ በጠቅላላ ውጤቱ ላይ የ2 ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም የመዋዠቅ ክልል ያስቀምጣል። ከአንድ ውጤት ይልቅ የሦስት ተከታታይ ፈተናዎችን አማካይ እዪ።

እውነተኛው መጥፋትም አለ፣ አልክድም። ቤት ስትሠሪው የምትፈቺውን ጥያቄ ሰዓት ሲቆጠርብሽ ካልፈታሽው ጭንቀት ነው። ጭንቀት ነገሮችን ለጊዜው ይዘን የምናሰላበትን የአእምሮ ቦታ ይሻማል፤ «ልወድቅ ነው» የሚለው ሐሳብና ስሌቱ እዚያች ቦታ ላይ ይጋፋሉ። ያልመጣልሽን ጥያቄ ምልክት አድርገሽ ማለፍን ልመጂ። አንድ ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ መታገል ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቀላል ጥያቄዎች ይበላብሻል። ሌላ ልትሞክሪው የምትችይው፦ ሄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ስለ ፍርሃታቸው በግልጽ የጻፉ ጭንቀታም ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ሞዴል ላይ ሞክሪውና ከጠቀመሽ ያዢው።

እንቅልፍሽን አልጠቀስሽም፤ ከሥራ በኋላ እያጠናሽ ቅዳሜና እሁድ 12 ሰዓት ከተቀመጥሽ ግን ከየት እየተቆረሰ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ቀን የተማርነው ነገር የሚረጋው በአብዛኛው ተኝተን ነው። ሰባት ሰዓት ተኝተሽ ሁለት ሰዓት ማጥናት፣ አምስት ሰዓት ተኝተሽ አራት ሰዓት ከማጥናት ይሻላል። የቡና ነገርም አለ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ አመሻሽ ላይ የተጠጣ ቡና እኩለ ሌሊት ላይም አለ። ትኩረት ይጨምራሉ እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እጅ በእጅ የሚሸጡትን ክኒኖች ደግሞ በፍጹም አትንኪ። ልብ ላይ፣ እንቅልፍ ላይ፣ ስሜት ላይ ጉዳት አላቸው፤ ሱስም ያስይዛሉ። ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ተስፋ መቁረጡ ከጥናቱ አልፎ ሕይወትሽ ላይ ከደረሰ፣ ነገሩ የአጠናን ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ። ፈተናውን ማራዘም በዚያ ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ሥራሽን በተመለከተ፣ አትልቀቂ ያልኩት ለገንዘቡ ብቻ ብዬ አይደለም። ሥራ የለቀቁ ተማሪዎች ላይ የማየው ነገር ሁሉም ነገር ፈተናው ላይ ሲንጠለጠል ጭንቀቱ እጥፍ መሆኑ ነው። ደግሞም ራስን እየፈተኑ የሚደረግ ጥናት ከባድ ነው፤ በቀን ከአምስት ስድስት ሰዓት በላይ በጥራት የሚችለው ሰው ጥቂት ነው። በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ስድስት፣ እሁድ አራት ይበቃሻል። ሰዓቱን በ50 ደቂቃ ከፋፍዪው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሁሌም ያለፈውን ማውጣት ይሁን፣ ከዚያ አዲስ ነገር፣ ከዚያ የተቀላቀሉ ጥያቄዎች። እረፍት መውሰድ ከቻልሽ ግን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀምጪው፣ ያኔ ሙሉ ሞዴሎችን በእውነተኛው ሰዓት ለመውሰድ ይጠቅምሻል።

ኮርስ? ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ አንድ የተወሰነ ክፍል አልገባ ካለሽ፣ ለዚያ ክፍል ብቻ አስጠኚ ያዢ። ትምህርት ሲሰጥ ቁጭ ብሎ መስማት እንደ ማንበቡ ነው፣ ሲገባሽ የያዝሽው ይመስልሻል። ጥሩ አስጠኚ አብዛኛውን ሰዓት አንቺ እንድታስረጂው ያደርግሻል። «ነጥብ ዋስትና» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ እለፊው። «የወጣ ፈተና አለኝ» የሚልሽ ሰው ደግሞ ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ በወንጀል ሊያስገባሽ ነው፤ በዚህ የተያዘ ተፈታኝ ውጤቱ ይሰረዛል፣ የሕክምና ትምህርት ቤት በሩም ሊዘጋበት ይችላል።

በሦስት ወር ውስጥ ስንት እንደምታመጪ ቃል ልገባልሽ አልችልም። የሚያስፈልግሽ ነጥብም በምታመለክቺበት ትምህርት ቤትና በተወዳዳሪው ብዛት ይወሰናል። ቦታው ውስን ነው፤ ጥሩ ነጥብ ይዘው በቃለ መጠይቅ የሚቀሩ አሉ። ማንበብን በመፈተን ስትተኪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያስጠሉሻል፣ የማታውቂው ነገር ሁሉ ፊት ለፊትሽ ይወጣልና። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው ወደ መጽሐፉና ወደ ማድመቂያው የሚመለሰው። አትመለሺ።

«ለሙከራ ልውሰደው» የሚለውንም ሐሳብ ካሰብሽው ተዪው። ኤምካት በሕይወት ዘመን ከ7 ጊዜ በላይ አይወሰድም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይም አይቻልም፤ ዩካት በዓመት አንዴ ብቻ ነው። መጥፎ ውጤት መዝገብሽ ላይ ሊቆይና ትምህርት ቤቶች ሊያዩት ይችላሉ። ሙከራውን ቤትሽ በሞዴል አድርጊው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከዛሬ ጀምሮ ለአራት ሳምንት በአዲሱ መንገድ አጥኚ፣ በመካከል ሁለት ሞዴል ውሰጂ፣ የስህተት ደብተሩን ሙዪ። የፈተና ቀንሽን መቀየር የሚፈቀድበትን የመጨረሻ ቀን አሁኑኑ ከአዘጋጁ አጣሪና ካላንደርሽ ላይ ምልክት አድርጊበት። ያ ቀን ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሞዴሎችሽ አማካይ ከምትፈልጊው ነጥብ ከደረሰ ወይም በጣም ከቀረበ ግቢ። ሽቅብ እየሄደ ግን ገና ሩቅ ከሆነ፣ ፈተናሽ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚሰጥ ከሆነ ወደሚቀጥለው ዙር አዛውሪው። በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ ግቢ፤ ማመልከቻሽንም ነጥብሽ በሚደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ልክ አስተካክዪ። ምንም ካልተነቃነቀ ደግሞ የስህተት ደብተሩን እንዳለ ላኪልኝ፣ ያኔ ውጤቱን ሳይሆን ስህተቶቹን እያየን እንነጋገራለን።